ከግድግዳው የወጣው ቧንቧ

«ቅበረው፤ ማንም አያየውም» ያለችው ምራቷ ሮሚና ናት። ኦዲላ ይህን የሰማችው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን እያጠለቀች ሳለ ነው። የሚቀበረው ሰው አልነበረም። ከድሮው መመገቢያ ክፍል ግድግዳ ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ የቀረ የጋዝ ቧንቧ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የጋዝ ማሞቂያ ነበረ፤ ማሞቂያውን ልጇ ኤርናን ባለፈው ሳምንት ሸጦታል። ክፍሉ የሕፃኗ የካታ መኝታ ሊሆን ስለሆነ በዚያ ፈንታ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይገባል ተብሏል። ማሞቂያውን የነቀለው የአንድ ጓደኛ አማች ነው። ስሙን ማንም አልያዘውም፤ ፈቃድ የለውም፤ ርካሽ ነው። ነቅሎ ሲጨርስ የቧንቧውን አፍ ለውሃ መስመር በሚሆን የፕላስቲክ ውታፍ ደፈነና ሄደ። ዛሬ ደግሞ ግንበኛው ኤሊሂዮ ሊለስን መጥቶ፣ ከንጹሕ ግድግዳ መሐል የወጣውን ጉቶ እያሳየ «ይሄንን ምን ላድርገው?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ ያ ነው።

አፓርታማው የኦዲላ ነው። ቦነስ አይረስ፣ አልማግሮ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ። ከሟች ባሏ ከብሩኖ ጋር፣ እሷ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ እሱ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ሳሉ የገዙት ቤት ነው። ልጇና ምራቷ የመጡት ባለፈው በጋ፣ አከራያቸው ኪራዩን በዶላር ካልሆነ አልቀበልም ባላቸው ጊዜ ነው። «ለጥቂት ጊዜ ነው እማ» አለ ኤርናን። ትልቁን መኝታ ቤት እነሱ ያዙት፤ ሕፃን ይዘዋልና። ኦዲላ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው የሠራተኛ ክፍል ገባች፤ «ለእኔ ይበቃኛል» ብላ ራሷ ነው የገባችው። «ኧረ አይሆንም» እስኪሏት ትንሽ ጠበቀች፤ ማንም አላለም። የሠራተኛ ክፍል የሚባለውን ነገር ወረቀት ላይ የነደፈው መሐንዲስ በሕይወት ካለ አንድ ሌሊት ቢያድርበት ደግ ነው። አልጋ ካስገቡ በሩ ግማሽ ድረስ ብቻ ይከፈታል፤ መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን የልብስ ማጠቢያ ነው። ይህን ክፍል ሰው እንዲተኛበት አስበው፣ ለክተው፣ ፈርመው ሠሩት። በከተማችን በሺህ የሚቆጠር እንዲህ ያለ ክፍል አለ፤ ድሮ የገጠር ልጃገረዶች ይተኙበት ነበር፤ አሁን የቤቱ ባለቤቶች ሲያረጁ ይገቡበታል። እድገት ማለት ይህ ከሆነ ይሁን።

ኦዲላ ሁለተኛውን ካልሲ አጥልቃ ተነሣች። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በሲኒ በጠበጠች፤ ከመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ የብሩኖን የጢም ብሩሽ አነሣች፤ ወደ መመገቢያ ክፍሉ ገባች። ኤርናን መስኮቱ ላይ ተደግፎ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ በመምጠጫው ይስባል። ሮሚና ካታን ታቅፋ፣ ከስልኳ ላይ የሕፃናት ክፍል ፎቶ ለኤሊሂዮ ታሳየዋለች፤ ሙሉ ነጭ ግድግዳ፣ በላዩ አንዲት የእንጨት ጨረቃ። የካታ አልጋ ማታ ይመጣል። የሚቆመው ከዚያ ጉቶ ሥር ነው፤ ሌላው ግድግዳ በር፣ ሌላው መስኮት፣ ሌላው ቁም ሣጥን ነው። ኦዲላ ተንበርክካ የሳሙናውን አረፋ በብሩሹ የቧንቧው አፍ ላይ ቀባችና ጠበቀች። አረፋው አንድ ጊዜ ረጋ፤ ቀጥሎ ከውታፉ ጠርዝ አንድ የአረፋ ፊኛ ተነሣ፤ እንደ ጓጉንቸር ጉሮሮ ተነፋ፤ ፈነዳ። ሌላ ተተካ። ኤሊሂዮ ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገ።

«ይኸው ያፈሳል» አለች ኦዲላ።

«ሳሙና ነው እማ» አለ ኤርናን። «ሳሙና ሥራው አረፋ ማውጣት ነው።»

ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ኦዲላ ብሩሹን ይዛ ወደ ኤሊሂዮ ዞረች፤ ኤሊሂዮ ግን ወለሉን ማየት ጀምሮ ነበር። «እኔ የግድግዳ ሰው ነኝ ዶኛ ኦዲላ» አለ። «ልሰን ያሉኝን እለስናለሁ። ጋዝ ሌላ ሃይማኖት ነው።» እሷም ፈቃድ ያለው የጋዝ ባለሙያ ይጠራ አለች፤ ፕላስቲኩን አውጥቶ ባለ ጥርስ የብረት ክዳን አዙሮ ያጥብቅበት፤ መስመሩን በግፊት ይፈትሽ፤ ክዳኑም ለዓይን ክፍት ሆኖ ይቅር፤ የጋዝ ክዳን በልስን ሥር አይቀበርም። ይህን የምታውቀው የተለየ እውቀት ስላላት አልነበረም። ይህ ከተማ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ኤርናንም ያውቀዋል። የማያውቅ የለም፤ የሚደውል ነው የሌለው።

የማይደወልበት ምክንያት ከመስኮቱ ይታያል። ከመንገዱ ማዶ ባለው ሕንፃ ከሁለት ክረምት በፊት አንዲት ሴት የውሃ ማሞቂያዋ ሸተታትና ደወለች። ጋዝ የሚያቀርበው ድርጅት ተቆጣጣሪ ላከ። ተቆጣጣሪው ለአንድ ቤት መጥቶ፣ ደረጃው ላይ መለኪያውን አበራ፤ መለኪያው ጮኸ፤ የመላውን ሕንፃ ጋዝ ዘግቶ፣ አሽጎ፣ ደህና ዋሉ ብሎ ሄደ። ለማስከፈት መስመሩ ከምድር ቤት እስከ ጣራ አዲስ መሆን አለበት። እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ሴትዮዋ ቤቷን ሸጣ ሄደች፤ እንደ ጠላት ነው የሸኟት። ስለዚህ በእኛ በኩል ባሉት ሕንፃዎች ሁሉ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ የሸተተው መስኮት ይክፈት። በኦዲላ ሕንፃ ይህን ሕግ የምታስከብረው የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ሱልማ ናት፤ ሁለተኛ ፎቅ ኤምፓናዳ፣ ሥጋ የተጠቀለለበት ሊጥ፣ ጋግራ ለሰፈሩ የምትሸጥ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የመጨረሻው ቃል የሷ ነው፤ «ጋዛችንን እንጠብቅ!» ይጨበጨብላታል። ሌላው የስብሰባ ርእስ መብራት ነው። ሕንፃው ውስጥ በየማታው፣ ሰው እራት በሚሠራበት ሰዓት፣ ዋናው የመብራት ማብሪያ ዘሎ ይወድቅና ሁሉም ይጨልማል። አስተዳዳሪው የሊፍቱ ሞተር ነው ብሏል፤ አዲስ ሞተር ተገዝቷል፤ መብራቱም እንደ ድሮው ይጠፋል።

ኤርናን ስልኩን ነካ ነካ አደረገ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ሱልማ በፎጣ የተሸፈነ ሰሐን ይዛ ቆማለች፤ ሽቶዋ ቀድሟት ገባ።

«ኦዲሊታ፣ ልጅሽ ጻፈልኝ። ምን ሆነሻል?»

«እኔ ምንም አልሆንኩም። ቧንቧው ነው።»

«እሱማ አሮጌ ቧንቧ ነው፤ ትንሽ ይተነፍሳል። በእኛ ዕድሜ የማይተነፍስ ማን አለ?» ብላ ሳቀች፤ ኤርናንም ሳቀ። «አልጋውን ትንሽ ገፋ አድርጉት። መስኮቱን ገርበብ።»

«በሐምሌ? የስምንት ወር ልጅ?»

«ስድስተኛ ፎቅ ያለው ጀርመኑስ? ዘጠና ሊሞላው ነው። በሐምሌ በቀዝቃዛ ውሃ ልታጥቢው ነው? ሦስተኛ ፎቅ ያሉትስ፣ ገዢ አግኝተው ሊፈራረሙ አይደል? ጋዝ የሌለው ቤት ማን ይገዛል? እኔስ ምድጃዬ ከጠፋ ምን ልሽጥ፣ ጸጉሬን?»

«ባልደውል ደስ ይለኛል» አለች ኦዲላ። «ግን ያፈሳል።»

«ደውይ» አለች ሱልማ፤ ሰሐኑን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «ደውይና ከነገ ጀምሮ ደረጃው ላይ ደህና አደርሽ የሚልሽ ሰው ፈልጊ።»

እውነተኛው ነገር ይህ ነበር፤ ኦዲላም ገባት። ብቻዋን የቀረች ሴት በሕንፃ ውስጥ የሚያኖራት ሰላምታ ነው። ስትወድቅ የሚያነሣት፣ ዳቦ የሚያመጣላት፣ ሊፍቱን ይዞ የሚጠብቃት፤ ይህን ሁሉ የሚሰጣትና የሚነፍጋት ይህ ሰላምታ ነው። ሱልማ ሄደች። ምሳ ላይ ኤምፓናዳውን በሉ። ከላይ ከስሏል፣ ከታች ነጭ ሊጥ ነው፤ ኦዲላ የሱልማ ሙያ እንደጠፋ አሰበች፤ ድሮ የሱልማ ኤምፓናዳ ከሥሩ ነበር የሚጣፍጠው። ሮሚና ለካታ ዱባ በሹካ ፈጨች። ኤርናን የጨው ዕቃውን ወደ እናቱ ገፋ፤ ለአንድ ቀን ሙሉ ያደረገላት ይህን ነው። ኤሊሂዮ ኮሪደሩ ላይ የራሱን ዳቦ በላና፣ ከምሳ በኋላ የመስኮቱን ዳር ብቻ እንደሚለስን ለኦዲላ ቃል ገባላት። እሷም ወገቧን ልታሳርፍ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባች፤ እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ወደ መመገቢያ ክፍሉ ሄደች። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ተለስኗል። ጉቶው የለም። ልስኑ ገና እርጥብ ነው፤ ጥቁር ግራጫ፣ እንደ ወንዝ ዳር ድንጋይ ያበራል። ኤሊሂዮ ዕቃውን ሰብስቦ፣ ዓይኑን ሳያሳያት፣ «ምራትዎ ናት ያዘዘችኝ፤ የምትከፍለኝ እሷ ናት» ብሎ ወጣ። በዚህ አገር ሰው ሁሉ የሆነ ሰው አዞት ነው። ተቆጣጣሪው ድርጅቱ አዞት፣ ግንበኛው ሮሚና አዝዛው፣ ኤርናን ሱልማ አዝዛው። ሕፃን በጋዝ ብትታፈን በመላው ቦነስ አይረስ ያዘዘ አንድ ሰው አይገኝም። ኦዲላ መዳፏን ልስኑ ላይ ጫነች፤ የአምስት ጣቷ ምልክት ቀረ። ከዚያ ካፖርቷን ለብሳ ወረደች።

ምድር ቤት የጥበቃውና የጽዳቱ ኃላፊ ዋልቴር ትንሿ ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ያያል። የጋዝ ቆጣሪ ክፍሉን ቁልፍ ጠየቀችው። ብትደውል ሕንፃው ሁሉ ይጠላታል፤ ዝም ብትል ልጅቱ ትታፈናለች፤ ሦስተኛ መንገድ አለ ብላ ነበር ያሰበችው። የእያንዳንዱ ቤት ቆጣሪ ሥር የየራሱ መዝጊያ አለ። የራሷን ቤት ትዘጋለች፤ ወደ ላይ የሚሄደው መስመር ባዶ ይሆናል፤ ማንንም አትነካም። ቤቱ ያለ ጋዝ ይቀራል፤ ምግቡ በኤሌክትሪክ ይበስላል፤ ውርደቱንም ለብቻዋ ትሸከመዋለች። ዋልቴር ቁልፉን ከምስማሩ አውርዶ ሰጣት፤ ለምን እንደምትፈልገው አልጠየቃትም። አለመጠየቁ አልገረማትም፤ ሊገርማት ይገባ ነበር።

ብሩኖ ከሞተ ወዲህ እዚያ ክፍል ገብታ አታውቅም። አምፖሉን አበራች። ቆጣሪዎቹ በሁለት ረድፍ ተሰቅለዋል፤ በያንዳንዱ ሥር የፎቁና የቤቱ ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ፣ ከዚያም ባለ እጀታ መዝጊያ። እጀታው ከቧንቧው ጋር አብሮ ከቆመ ክፍት ነው፤ ቧንቧውን አግድም ካቋረጠ ዝግ ነው። የራሷን አገኘች፤ ክፍት ነው። እጇን ልትሰድ ስትል ዓይኗ ወደ ጎን ሄደ። ስድስተኛ ፎቅ፣ ጀርመኑ፤ ዝግ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊሸጡ ነው የተባሉት፤ ዝግ። አምስተኛው ዝግ፤ አንደኛው ዝግ። መነጽሯን ጠርጋ እንደገና ከጫፍ ጀመረች። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሱልማ፤ ዝግ፤ እንዳይከፈት በሽቦ ታስሯል፤ ሽቦው ዝጓል። በመላው ሕንፃ ክፍት የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ የኦዲላ ነው። ሌላው ባለቤቱ የሞተበትና በወራሾች ክርክር የተቆለፈ ባዶ ቤት ነው።

ኦዲላ ሁለቱንም ዘጋች። ትንሽ ቆመች። ጀርመኑ በየማለዳው ፎጣ ይዞ ወደ ስፖርት ክበቡ የሚሄደው ለጤናው ሳይሆን ሙቅ ውሃ ፍለጋ መሆኑ አሁን ገባት። የኤምፓናዳው ነጭ ሥርም ገባት፤ ከሥሩ የጋዝ እሳት አላገኘውም። በየማታው መብራቱ ለምን እንደሚወድቅም ገባት፤ ሕንፃው ሙሉ በየምድጃው፣ በየማሞቂያው፣ በየውሃ ማፍያው በኤሌክትሪክ እያበሰለ፣ በስብሰባ ደግሞ ለጋዙ ያጨበጭባል። ሁሉም ሸቷቸዋል። ሁሉም በስውር ወርደው የራሳቸውን ዘግተዋል። ሁሉም ሌላው ገና ጋዝ አለው ብለው፣ ለሌላው ሲሉ ዝም ብለዋል። ለሌለ ጋዝ ሲባል አንዲት ሕፃን የሚያፈስ ቧንቧ ሥር ልትተኛ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው ዋልቴርን፣ ቁልፉን ስትመልስ።

«ማን ጠየቀኝ ዶኛ?» አለ፤ ዓይኑን ከኳሱ ሳይነቅል። «አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ ቁልፉን ይወስዳሉ፤ ሲመልሱ ‹ለማንም እንዳትናገር፣ ሱልማ እንዳትሰማ› ይሉኛል። ሱልማ ራሷ ‹ለማንም እንዳትናገር፣ ጀርመኑ ይደነግጣል› አለችኝ። አፌን ያዝኩ። እርስዎስ ምን ልበልልዎ?»

«የእኔን ተናገር» አለችው።

ቤት ስትገባ ኤርናን ከመታጠቢያ ቤት እየጮኸ ወጣ፤ ፎጣ አገልድሞ፣ ጸጉሩ ነጭ አረፋ ተሸክሞ። «እማ! ውሃው ቀዘቀዘ! ራሴን ታጥቤ ሳልጨርስ!»

«ሳሙና ነው» አለችው ኦዲላ፤ ካፖርቷን እየሰቀለች። «ሳሙና ሥራው አረፋ ማውጣት ነው።»

ከዚያ ያየችውን ነገረቻቸው፤ ፎቅ በፎቅ። ኤርናን «አይሆንም» አለ፤ ቀጥሎ «ሱልማም?» አለ፤ ቀጥሎ ብርድ ይሁን ሐፍረት ያንቀጠቅጠው ጀመር። ሮሚና ግን ካታን ለባሏ አስታቀፈችው። ወጥ ቤት ገብታ የሾርባ ማንኪያ ይዛ ተመለሰች፤ የኦዲላ መዳፍ ካረፈበት አጠገብ እርጥቡን ልስን ትጭር ጀመር። ግራጫው ጭቃ ወለሉ ላይ ይወድቃል።

«በአንድ ዓመት ሦስት ቤት ቀየርን» አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ። «ሦስቱም ቤት የሌላ ሰው ምስማር፣ የሌላ ሰው ቀዳዳ ነበረበት። አንድ ንጹሕ ግድግዳ ብቻ ነው የፈለግኩት። ልጄን ልገድል አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አለች ኦዲላ።

«አያውቁም። ነግሬዎት አላውቅም።»

ጉቶው ብቅ አለ፤ ፕላስቲኩ ጭቃ ለብሶ። ኦዲላ ስልኳን አንሥታ የብሩኖ ጓደኛ ለነበረው፣ ፈቃድ ላለው የጋዝ ባለሙያ ደወለች፤ ነገ ጠዋት እመጣለሁ አለ፤ የግፊት ፈተናውን አድርጎ፣ ለድርጅቱ አስመዝግቦ እንደሆነ ነው የሚሠራው፤ በድብቅ ሥራ የለም። ተስማማች። ይህን ብላ ስልኩን ስታስቀምጥ የእራት ሰዓት ደርሶ ነበር፤ መላው ሕንፃ ጨለመ።

እንደ ወትሮው በሮች ተከፈቱ። የስልክና የሻማ ብርሃን ደረጃው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ እንደ ወትሮው ሊፍቱና አስተዳዳሪው ይሰደቡ ጀመር። «ያ ሌባ! ሞተሩን አሮጌ ገዝቶ ነው!» የምትለው ሱልማ ነበረች፤ ድምፅዋ ከሁሉ በላይ ይሰማል። ኦዲላ በሯን ከፍታ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመች።

«ሊፍቱ አይደለም» አለች። የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰነፍ ተማሪ ድረስ ይደርስ የነበረው ድምፅ አሁንም ነበራት። «ሊፍቱ ቆሟል፤ ማንም አልተሳፈረበትም። እራታችን ነው። ሁላችንም በአንድ ጊዜ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሰን ነው። ዛሬ ቆጣሪ ክፍል ወርጄ ነበር። ስም አልጠራም።»

አንድ ሻማ ተነፋ፤ የነፋው ሰው ማን እንደሆነ አልታወቀም።

«ነገ ጠዋት ወደ እኔ የጋዝ ባለሙያ ይመጣል» አለች። «የልጅቷን ቧንቧ በብረት ይዘጋል፤ ለድርጅቱም ያሳውቃል። ተቆጣጣሪው ቢመጣ ምን እንደሚዘጋብን እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። የሚቃወም አለ?»

በስብሰባችን ደንብ የሚቃወም ሰው ስሙንና ፎቁን ይናገራል። ከላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ስድስተኛ ፎቅ። አልቃወምም። የእግር መታጠቢያ ውሃዬ ግን ሊሞቅልኝ ጥቂት ነበር የቀረው።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ አቆመ። ቀጥሎ ጨለማው ውስጥ፣ ከየበሩ ኋላ፣ የምድጃ ማብሪያዎች ሲጠፉ ይሰማ ጀመር፤ ቀጭ፣ ቀጭ፤ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። ከሁለተኛ ፎቅ ምንም አልተሰማም። ሁሉም ያዳምጣል። ቆይቶ ሱልማ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሁለት ትሪ ምድጃ ውስጥ አለኝ» አለች። «የሰው ትእዛዝ ነው። ይበላሻል።»

ዋልቴር ምድር ቤት ማብሪያውን ወደ ላይ ገፋው፤ የደረጃው አምፖል በራ፤ ሰዎቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«በየተራ እንለኩስ፤ ሁለተኛ ፎቅ ይቅደም» አለች ኦዲላ። «ከዚያ ጀርመኑ። ከዚያ የሕፃኗ ውሃ።»